ዱቄቱ ያበራል፣ ፎርማልዲሃይዱን ግን አያየውም፦ ዩአይኦ-66-ኤንኤች2ን ከሚዛን እስከ መፈተሻ ዲስክ የመሥራት መመሪያ

ዩአይኦ-66-ኤንኤች2 ዚርኮኒየምን ከኦርጋኒክ አሲድ ጋር ያያያዘ፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ክሪስታል ዱቄት ነው። የምንሠራው አየር ውስጥ ያለ ፎርማልዲሃይድን በብርሃኑ ለውጥ የሚያሳይ የወረቀት ዲስክ ለማድረግ ነው። ችግሩ ግን ሁሌ ተመሳሳይ ነው። ተማሪው ዱቄቱን ይሠራል። ዩቪ መብራት ሲያበራበት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ደስ ይለዋል፣ ፎቶ ያነሳል። ፎርማሊን (ውሃ ውስጥ የሟሟ ፎርማልዲሃይድ) አጠገብ ሲያስቀምጠው ግን ምንም አይለወጥም። ወይም ለውሃውም፣ ለአልኮሉም፣ ለባዶው አየርም እኩል ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሦስት ወር ግምት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ ዱቄቱ ማበራቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሚያበራው ሊንከሩ ነው፣ ማለትም ዚርኮኒየሞቹን የሚያያይዘው 2-አሚኖቴረፍታሊክ አሲድ። እሱ ደግሞ ገና ዕቃው ውስጥ እያለ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ራሱ ያበራል። እኛ የምንፈልገው ባዶ ቀዳዳ ነው። ፎርማልዲሃይዱ ገብቶ አሚኑን (የሊንከሩን ናይትሮጅን ያለበት ክፍል) የሚያገኘው ቀዳዳው ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ከታች ያለው ሥራ አብዛኛው ቀዳዳውን ባዶ ማድረግና ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

መመሪያው ፊውም ሁድ (ተን ወደ ውጭ የሚስብ ሳጥን) ያለው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ለምትጠቀሙ ነው። ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

ኬሚካሎች፦

- ዚርኮኒየም ክሎራይድ 125 ሚሊ ግራም፣ ወይም ዚርኮኒል ክሎራይድ ኦክታሃይድሬት 173 ሚሊ ግራም
- 2-አሚኖቴረፍታሊክ አሲድ 134 ሚሊ ግራም
- ዲኤምኤፍ (ዳይሜቲል ፎርማማይድ፣ ማሟሟያ ፈሳሽ)፣ ለሥራው 15 ሚሊ ሊትር፣ ለማጠቢያ 60 ሚሊ ሊትር
- የተከማቸ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 1 ሚሊ ሊትር
- ንጹሕ ኤታኖል፣ ቢያንስ 200 ሚሊ ሊትር
- ፎርማሊን 37 በመቶ፣ እና ሜታኖል (ሜታኖሉን አትዝለሉት፤ ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ)

ዕቃዎች፦ በደንብ የሚዘጋ 50 ሚሊ ሊትር የመስታወት ጠርሙስ፣ ሶኒኬተር፣ ሴንትሪፊውጅ፣ ኦቨን (ቫክዩም ያለው ቢሆን ይመረጣል)፣ 365 ናኖ ሜትር ዩቪ መብራት፣ ማይክሮፒፔት፣ ዋትማን 1 ማጣሪያ ወረቀት፣ ክዳናቸው የሚገጥም 1 ሊትር የመስታወት ማሰሮዎች።

ከሁለቱ የዚርኮኒየም ጨዎች እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዚርኮኒየም ክሎራይድ የአየር እርጥበት ሲነካው ይጨሳል፣ የአሲድ ጋዝም ይለቃል። በዝናብ ወቅት ሚዛኑ ላይ እያለ ይበላሻል። በተደጋጋሚ የተከፈተ የቆየ ጠርሙስ ካላችሁ መዝናችሁ የጻፋችሁት ቁጥር እውነተኛው ቁጥር አይደለም። ኦክታሃይድሬቱ ግን ውሃውን ቀድሞ ይዟል። ረጋ ብላችሁ ልትመዝኑት ትችላላችሁ።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

ዲኤምኤፍ በቆዳ ይገባል፣ ጽንስንም ይጎዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ይህን ሥራ አትሥራ። ስስ ናይትራይል ጓንት ዲኤምኤፍን የሚያቆመው ለአጭር ጊዜ ነው። ከፈሰሰባችሁ ወዲያው አውልቁና እጃችሁን ታጠቡ፣ አዲስ አድርጉ።

የሃይድሮክሎሪክ አሲድና የፎርማሊን ጠርሙሶች አንድ ሁድ ውስጥ በአንድ ጊዜ ተከፍተው አይቀመጡ። የሁለቱ ተን ሲገናኝ ቢስ ክሎሮሜቲል ኤተር የሚባል ካንሰር አምጪ ነገር ሊፈጠር ይችላል። የዱቄቱን ሥራ ጨርሱ፣ አሲዱን ዘግታችሁ መልሱ። ፎርማሊኑን በሌላ ቀን ክፈቱ።

ፎርማልዲሃይድ ራሱ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ዝርዝር ምድብ 1 ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ አየር ያስቀመጠው ጣሪያ በ30 ደቂቃ አማካይ 0.1 ሚሊ ግራም በኪዩቢክ ሜትር ነው። አስከሬን በፎርማሊን የሚቀመጥበት የአናቶሚ ክፍል የገባ ሰው ዓይኑ ሲያለቅስ ከዚያ ጣሪያ በላይ እየተነፈሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ዲስክ የምንሠራውም ለዚያ ክፍል ነው።

ደረጃ 1፦ ማሟሟት (ቅደም ተከተሉን አታዛቡ)

1. የዚርኮኒየሙን ጨው ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሩ።
2. 5 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤፍ ጨምሩበት።
3. 1 ሚሊ ሊትር አሲዱን በጠብታ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ትንሽ ይሞቃል።
4. ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ሶኒኬተር ውስጥ አቆዩት።
5. ፈሳሹ ጥርት ማለቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።
6. አሁን ሊንከሩንና የቀረውን 10 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤፍ ጨምሩ። ሌላ 20 ደቂቃ ሶኒኬተር።

ብዙዎች ጊዜ ለመቆጠብ ሁሉንም በአንዴ ይጨምራሉ። አሲዱ የተጨመረው ዚርኮኒየሙና ሊንከሩ እንዳይቸኩሉ ነው። ከቸኮሉ ክሪስታል ሳይሆን ጄል ይሆናሉ።

*ካልተሳካ፦* ከ20 ደቂቃ በኋላ ደመናማ ከሆነ ሌላ 20 ደቂቃ ስጡት። አሁንም ካልጠራ ጨው አርጅቷል ማለት ነው። ሊንከራችሁን አታባክኑበት፤ በአዲስ ጨው ጀምሩ። ዲኤምኤፉ የዓሣ ሽታ ካለውም ተበላሽቷል፤ ዳይሜቲል አሚን ለቋል። አትጠቀሙበት።

ደረጃ 2፦ ማሞቅ

ጠርሙሱን ዝጉና በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሌሊቱን አሳድሩ። 16 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ለ50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ልክ ነው። በትንሽ ጠርሙስ ሞልታችሁ አትዝጉ፤ ግፊት ይፈጠራል።

ጠዋት ላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ዝቃጭ ማየት አለባችሁ።

*መብራት ከጠፋ፦* ጠርሙሱን አትክፈቱ። የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ። መብራት ሲመለስ የጎደለውን ሰዓት ጨምራችሁ አሞቁት። ምርቱ ደህና መሆኑን የሚነግራችሁ ደረጃ 5 ላይ ያለው የኤክስሬይ ምርመራ ነው፤ ከዚያ በፊት አትጣሉት።

*ቡናማ ከሆነ፦* የኦቨኑን ሙቀት በሌላ ቴርሞሜትር አረጋግጡ። የኦቨን ማሳያ ብዙ ጊዜ ይዋሻል።

*እንደ አጥሚት ከወፈረ፦* አሲዱ አንሷል ወይም ደረጃ 1 ላይ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ይህን በማጠብ ማዳን አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ማጠብ (ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው)

1. በሴንትሪፊውጅ አውርዱ። ፈሳሹን ዲኤምኤፍ ቆሻሻ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጡ።
2. 30 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤፍ ጨምሩ፣ ዝቃጩን በደንብ በትኑ፣ 1 ሰዓት አቆዩ፣ እንደገና አውርዱ። ሁለት ጊዜ።
3. በ30 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ያንኑ ድገሙ። ሁለት ጊዜ።
4. ሦስተኛውን ኤታኖል ጨምራችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ቀይሩና እንደገና አሳድሩት።

ሁለቱ እጥበት ሥራቸው የተለያየ ነው። ዲኤምኤፉ ያልሠራውን ሊንከር ያወጣል። ኤታኖሉ ደግሞ ዲኤምኤፉን ራሱን ያወጣል። ዲኤምኤፍ የሚፈላው በ153 ዲግሪ ስለሆነ በማድረቅ ብቻ ከቀዳዳው አይወጣም። ኤታኖል ግን በቀላሉ ይሄዳል። ማሳደር ያስፈለገውም ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ነው። ልውውጡ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዱቄቱን በኃይል ማንቀጥቀጥ አያፋጥነውም።

መቼ ይበቃል? የመጨረሻውን ኤታኖል ጥርት አድርጋችሁ ካወረዳችሁ በኋላ ትንሽ ወስዳችሁ በመስታወት ቱቦ አድርጉ። አጠገቡ ያልተነካ ኤታኖል በሌላ ቱቦ አስቀምጡ። ክፍሉን አጨልሙና 365 ናኖ ሜትር መብራት አብሩባቸው። የታጠበበት ኤታኖል ሰማያዊ ካበራ ሊንከር እየወጣ ነው። እንደገና እጠቡ። ሁለቱ ቱቦዎች እኩል ጨለማ እስኪሆኑ ድረስ አታቁሙ።

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ መያዝ ካለባችሁ ይህን የሁለት ቱቦ ፈተና ያዙ። ወጪ የለውም፣ 2 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያልታጠበ ሊንከር ከዱቄቱ ብርሃን በላይ ስለሚያበራ የምትፈልጉትን ለውጥ ይሸፍነዋል። ፎርማልዲሃይድ ሲመጣ የዱቄቱ ብርሃን ቢለወጥ እንኳ አታዩትም።

*አምስት ጊዜ ታጥቦም ካበራ፦* ዱቄቱ በደንብ አልወረደም ይሆናል፤ ጥቃቅኑ ቅንጣት ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ ነው የሚያበራው። ፍጥነቱን ጨምሩ፣ 15 ደቂቃ አዙሩት፣ ከዚያ እንደገና እዩት።

ደረጃ 4፦ ቀዳዳውን ባዶ ማድረግ

መጀመሪያ ኤታኖሉ ሁድ ውስጥ በክፍል ሙቀት እንዲተን አድርጉ። ኤታኖል የጠገበ ዱቄት ኦቨን ውስጥ ማስገባት እሳት ይጠራል።

ከዚያ በቫክዩም ኦቨን 90 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓት፣ ቀጥሎ 150 ዲግሪ ሌሊቱን።

አዲስ አበባ ላይ ለምትሠሩ አንድ ማስታወሻ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፣ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ማለት ነው። የቫክዩም መለኪያችሁ ከአካባቢው ግፊት ጋር እያነጻጸረ የሚያነብ ከሆነ ከ0.77 ባር ኔጌቲቭ በታች ሊወርድ አይችልም። ፓምፑ አልተበላሸም። ወደ 1 ለማድረስ ብላችሁ አትክፈቱት፣ ቴክኒሻንም አታስቸግሩ።

*ቫክዩም ኦቨን ከሌላችሁ፦* በተራ ኦቨን በ120 ዲግሪ ሌሊቱን አድርቁ። ለመፈተሻ ዲስክ ይበቃል፣ የኤታኖሉ ልውውጥ በደንብ ተሠርቶ ከሆነ።

በሚዛን ማረጋገጥ። ዚርኮኒየሙ ሁሉ ወደ ምርት ቢለወጥ የምታገኙት 157 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ሊንከር የጎደለበት ቦታ ክሪስታሉ ውስጥ ስለሚኖር ትንሽ ዝቅ ማለቱ ደህና ነው። 220 ሚሊ ግራም ካገኛችሁ ግን አትደሰቱ። ትርፉ ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ወይም ሊንከር ነው። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ባዶ ቀዳዳ እርጥበት ይስባል። ዱቄቱ እንደበረደ ሲሊካ ጄል ያለበት ዴሲኬተር ውስጥ አስገቡት።

ደረጃ 5፦ የሠራችሁት እሱ መሆኑን ማረጋገጥ

የኤክስሬይ ዲፍራክሽን አስነሱ። በመዳብ ጨረር 7.4 እና 8.5 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ጫፎች መታየት አለባቸው፤ የመጀመሪያው ይረዝማል። በነሱ ፋንታ አንድ ሰፊ ጉብታ ካያችሁ ጄል ነው የሠራችሁት። መሣሪያው ከ10 ዲግሪ እንዳይጀምር ለባለሙያው ቀድማችሁ ንገሩ። ከ10 ከጀመረ ሁለቱም ጫፎች ያመልጧችኋል፤ ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ።

የናይትሮጅን ልኬት ማግኘት ከቻላችሁ የቀዳዳው የውስጥ ገጽ ስፋት በግራም 1,000 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጠበቃል። 400 ከመጣ ጫፎቹ ትክክል ቢሆኑም ቀዳዳው ሙሉ ነው።

ደረጃ 6፦ ዲስኩን መሥራት

መጀመሪያ ወረቀቱን ፈትሹ። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነጭ እንዲመስል ማንጪያ ይደረግበታል፤ ያ ማንጪያ በዩቪ ስር ሰማያዊ ያበራል። ጋዋናችሁም እንዲሁ። ዋትማን 1 ግን ጨለማ ነው። ከመጠቀማችሁ በፊት በመብራቱ እዩት።

1. በወረቀት መብሻ ክብ ዲስኮች ቁረጡ። ቢያንስ 20።
2. 20 ሚሊ ግራም ዱቄት በ2 ሚሊ ሊትር ኤታኖል በትኑ፣ 10 ደቂቃ ሶኒኬተር።
3. እያንዳንዱ ዲስክ ላይ 20 ማይክሮ ሊትር ጠብ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ጠብታ በፊት ቱቦውን አራግፉ፤ ዱቄቱ ቶሎ ይወርዳል።
4. ሁድ ውስጥ አድርቁ፣ ከዚያ በ100 ዲግሪ 1 ሰዓት።
5. ሁሉንም በአንድ ላይ በዩቪ አይታችሁ በጣም የደመቁትንና በጣም የደበዘዙትን አስወግዱ።

*ዱቄቱ ጠርዝ ላይ ቀለበት ከሠራ፦* ጠብታውን ለሁለት ከፍላችሁ 10 ማይክሮ ሊትር ጨምሩ፣ ይድረቅ፣ ቀሪውን ጨምሩ።

እያንዳንዱ ዲስክ 0.2 ሚሊ ግራም ዱቄት ይዟል። እያንዳንዱ አሚን አንድ ፎርማልዲሃይድ ቢይዝ 1 ግራም ዱቄት 100 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። ስለዚህ የዲስኩ አሚን ከ20 ማይክሮ ግራም በላይ ሊይዝ አይችልም። ቁጥሩን ያዙት፤ አሁን ያስፈልጋል።

ደረጃ 7፦ መፈተሽ

ፎርማሊን በሚሊ ሊትር 0.4 ግራም ያህል ፎርማልዲሃይድ አለው። ሰው በቀጥታ 1 ማይክሮ ሊትር ወስዶ ማሰሮ ውስጥ ሲጥል 400 ሚሊ ግራም በኪዩቢክ ሜትር ሊፈጥር ነው። የጤና ድርጅቱ ጣሪያ 4,000 እጥፍ! በዚህ መጠን ማንኛውም ነገር ይለወጣል፤ ውጤቱ ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ አቅጥኑ፦

- ሀ፦ 1 ሚሊ ሊትር ፎርማሊን፣ እስከ 100 ሚሊ ሊትር በንጹሕ ውሃ
- ለ፦ ሀን 10 እጥፍ ማቅጠን
- ሐ፦ ለን 10 እጥፍ ማቅጠን

ከእያንዳንዱ 5 ማይክሮ ሊትር ብቻ ትወስዳላችሁ። በ1 ሊትር ማሰሮ ሁሉም ቢተን ሀ 20፣ ለ 2፣ ሐ 0.2 ሚሊ ግራም በኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ሊደረስ የሚችለው ከፍተኛው ናቸው። ፎርማልዲሃይድ ከውሃ ጋር ተጣብቆ ይኖራል፣ ሲደርቅም ከፊሉ ነጭ ጠጣር ሆኖ ሊቀር ይችላል።

መጠኑን ለመጨመር የጠብታውን መጠን አታሳድጉ። 25 ማይክሮ ሊትር ውሃ 1 ሊትር ማሰሮን በ25 ዲግሪ እርጥበት አጥግቦ ይተርፋል። ያኔ የምትለኩት ውሃን ነው።

አሁን ሜታኖሉ። ፎርማሊን እንዳይረጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሜታኖል ይጨመርበታል። በውሃ ብቻ ካነጻጸራችሁ ያያችሁት ለውጥ የፎርማልዲሃይዱ ይሁን የሜታኖሉ አታውቁም። 12 ሚሊ ሊትር ሜታኖልን እስከ 100 ሚሊ ሊትር በውሃ ሙሉና ልክ እንደ ፎርማሊኑ አቅጥኑት።

አሠራሩ፦

1. ስድስት ማሰሮ አዘጋጁ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ የሜታኖል ማነጻጸሪያ፣ ውሃ፣ ባዶ አየር።
2. በየማሰሮው ሦስት ዲስክ በክር ከክዳኑ አንጠልጥሉ። ግድግዳውን አይንኩ።
3. ጠብታውን ትንሽ የአልሙኒየም ፎይል ላይ አድርጋችሁ ከታች አስቀምጡ። ወዲያው ዝጉ።
4. 40 ደቂቃ ጠብቁ።
5. ሁድ ውስጥ ክፈቱ። ሀን በተለይ አፍንጫችሁ አጠገብ አትክፈቱት።
6. ዲስኮቹን ጥቁር ሳጥን ውስጥ ካልተነካ ዲስክ ጎን አስቀምጣችሁ በአንድ ፎቶ ውስጥ አንሷቸው።

ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ የብርሃንና የቀለም ማስተካከያውን ቆልፉ። ካልቆለፋችሁ ስልኩ የደበዘዘውን ራሱ አድምቆ ያሳያችኋል። መብራቱን ከ5 ሰከንድ በላይ አታብሩ፤ ዩቪ ራሱ ዲስኩን ያደበዝዛል። የዩቪ መነጽር አድርጉ።

ውጤቱን ማንበብ። ለውጡ መድመቅም መደብዘዝም ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው ከውሃውና ከሜታኖሉ ዲስክ በግልጽ መለየቱ ነው፣ ከሐ ወደ ሀ ስትሄዱም መጨመሩ። ሀ ላይ ያለው 20 ማይክሮ ግራም አንድ ዲስክ ሊይዝ የሚችለውን ያህል ነው፤ ለሦስት ዲስክ ሲካፈል ግን ዲስኮቹን አይሞላም።

*ሁሉም እኩል ከተለወጡ፦* እርጥበቱ ነው። ዲስኮቹን በ100 ዲግሪ 1 ሰዓት አድርቁ። የውሃው ዲስክ ወደ ነበረበት ከተመለሰና የፎርማልዲሃይዱ ካልተመለሰ ልዩነቱን አገኛችሁ፤ የምትጽፉት ከደረቀ በኋላ ያለውን ነው።

*ሀ ብቻ ከተለወጠ፦* ዲስኩ ላይ ያለው ዱቄት በዝቷል። ጥቂቱ ፎርማልዲሃይድ ጥቂት አሚን ብቻ ነክቶ የቀረው ይሸፍነዋል። 5 ማይክሮ ሊትር ብቻ ጠብ የተደረገበት ዲስክ ሞክሩ።

*ምንም ካልተለወጠ፦* የፎርማሊኑን ጠርሙስ ታች እዩ። ነጭ ዝቃጭ ካለ ፎርማልዲሃይዱ ጠጣር ሆኗል፣ ስሌታችሁም ልክ አይደለም።

በፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ) የምትጽፉ ከሆነ ተጠንቀቁ። መጽሐፍ ላይ ያለው 1 ፒፒኤም 1.23 ሚሊ ግራም በኪዩቢክ ሜትር የሚለው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ በ25 ዲግሪ 0.93 ገደማ ነው። ግራ እንዳይገባችሁ በሚሊ ግራም ጻፉ።

ደረጃ 8፦ መያዙን ማሳየት

ዱቄቱን እንዳለ ቱቦ ውስጥ ብትጠቀጥቁት አየር አያሳልፍም። በቀስታ ተጭናችሁ ጠፍጣፋ አድርጉት፣ ሰብሩትና ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያለውን በወንፊት ለዩ። በኃይል መጫን ቀዳዳውን ይደፍናል።

100 ሚሊ ግራሙን በሁለት የመስታወት ሱፍ መካከል አድርጉ። በአነስተኛ ፓምፕ በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር አየር ከለ ማሰሮ ሳቡ፣ ማሰሮው አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይኑረው። ከቱቦው በፊት አንድ ዲስክ፣ ከቱቦው በኋላ አንድ ዲስክ አስቀምጡ። የፊተኛው ተለውጦ የኋለኛው እንዳለ ከቆየ ዱቄቱ ይዟል። በሌላ ቱቦ የመስታወት ሱፍ ብቻ አድርጋችሁ ያንኑ ድገሙ፤ ቱቦውና ሱፉ ራሳቸው ፎርማልዲሃይድ ይይዛሉና።

ይህን ቱቦ የአናቶሚ ክፍል ማጽጃ አድርጋችሁ አታስቡት። የፎርማሊኑ በርሜል ክፍት እስካለ ድረስ አየሩ እንደገና ይሞላል። መጀመሪያ ክዳኑ ይዘጋ፣ መስኮቱ ይከፈት።

ቆሻሻውና ማስቀመጡ

ዲኤምኤፍ ያለበትን ፈሳሽ ሁሉ አንድ የተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ። አሲድ ስላለበት ፎርማሊን የነካውን በፍጹም እዚያ አትጨምሩ፤ የራሱ ጠርሙስ ይኑረው። ሁለቱም ሲንክ ውስጥ አይደፉም፣ በረኪናም አይጨመርባቸውም።

የቀሩትን ዲስኮች በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ ዴሲኬተር ውስጥ አስቀምጡ። ፎይሉ ላይ የተሠሩበትን ቀንና የስንተኛው ዙር ዱቄት እንደሆኑ ጻፉ። ክፍሉ ውስጥ ከመስቀላችሁ በፊት በማለዳ ከዚያው ዙር አንዱን በለ ማሰሮ ፈትኑ። እሱ ካልተለወጠ የቀሩትን አትስቀሉ።